ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተመዘገቡ

ጥቅምት 8

ለልጄ፣

ምላጭ እንደ ልማዱ ሰላምታውን አንድ ገጽ ሊሞላበት ሲዘጋጅ አስቆምኩት። ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። በቃ። ሰላምታ ይኸው ነው፤ የቀረው ወረቀት ማባከን ነው።

ምላጭን ታውቂዋለሽ፤ ከቤታችን ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ረስቶታል። ደንበኛ ሲጠፋ መስታወቱ ፊት ያስቀምጠኛል፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ሁሉ እኔ የፈጨሁትን ዱቄት ነው ሲበሉ የኖሩት። ምላጭ ይሄን ሲጽፍ ይስቃል። ሳቅህን ትተህ ጻፍ በዪልኝ፤ አንቺ ብትይው ይሰማሻል።

ለምን ስልክ አታነሳም ብለሻል። ስልክ ለኔ የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ ጆሮዬን ወፍጮው በልቶታል። እናትሽን ደግሞ በስልክ እንዳታምኛት። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» የምትልሽ ጎኗን በመዳፏ ደግፋ ነው። እውነቱን የምትፈልጊ ከሆነ እኔን በደብዳቤ ጠይቂኝ።

እውነቱ ይህ ነው። ከጡቷ የወጣው ዕጢ ሥሩ ቀርቷል አሉ። አሁን የሚያስፈልጋት ጨረር ነው። ጨረር የሚሰጠው ማሽን አንድ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ እንደ ጉድ ነው። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ሲናገር ዓይኔን አያይም። «ተራዋ ቶሎ ከደረሰ ተስፋ አላት፤ ከዘገየ ግን…» አለና የብዕሩን ክዳን ከፍቶ ዘጋው። ከ«ግን» በኋላ ያለውን እኔው ጨረስኩት።

ተራ ያዝኩላት። እንዴት እንደያዝኩ ስሚ።

ዓርብ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ስንደርስ አንዲት ልጅ «ምዝገባ ቆሟል አባባ፤ ሰኞ ተመለሱ» አለች። ለምን? «የመዝገቡ ማሽን ሊዛወር ነው።» ኮምፒውተሩ ፊቷ ተቀምጦ ያበራል። ወዴት ነው የሚዛወረው? «ወደ ሌላ ማሽን።» «ልጄ፣ ይሄ ነገር አሁን ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አልኳት። «መሥራቱን ይሠራል። እንዳትመዘግቡ ተብለን ነው።» ማነው ያለሽ? «ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ በስልክ።» «እሱ በስልክ ያለሽ ሰው እዚህ ድረስ ይምጣና የዚህችን ሴት ፊት እያየ ይበልሽ!» ብዬ ጮህኩ። የመስኮቱን መስታወት በመዳፌ ስመታው ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እናትሽ ኮቴን ትጎትታለች። «ሰኞ እንመለስ፣ ሰው አታስቸግር፣ ሰኞ ሩቅ ነው እንዴ?» ትላለች። እሷን ስሰማ ብኖር ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጀርባ ነበር የምቆመው። ልጅቷ አፍንጫዋን ጠራርጋ መዘገበቻት። ከኋላዬ የቆሙትም «እኛስ?» አሉ፤ እነሱም ተመዘገቡ። አንድ ጉሮሮውን የታመመ ሾፌር ነበር፣ ድምፁ ጭራሽ የጠፋ። እጄን ጨብጦ አፉን ያንቀሳቅሳል። እሱ መናገር አይችል፣ እኔ መስማት አልችል፤ ብቻ ምርቃት እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

ተራዋ ለኅዳር መጨረሻ ነው። ልጅቷ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ምላጭ አንብቦልኛል።

ስለ ሥራሽ ያልሽው አልገባኝም፤ ምላጭ ግን «የርስዎም ልጅ እኮ ማሽን ነው የምታዛውረው» ይለኛል። ወፍጮ ያዛወርን ጊዜ ጎረምሳ ሁሉ ተሰብስቦ ተሸክሞ፣ የአንዱ እግር ተቀጥቅጦ ነው። አንቺ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሳትነኪው፣ ብረት ወደሌለው ማሽን አዛወርኩ ትያለሽ። ይሁን። ከከፈሉሽ እኔ ምን ቸገረኝ?

እናትሽ ትስምሻለች።

አባትሽ


ጥቅምት 24

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ምላጭ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። መጀመሪያ ላይ የዘለለው ነገር ያለ መስሎኝ ተቆጣሁት። «አባባ፣ ያለው ይኸው ነው» ብሎ ማለ። ሰው እናቱ ታማበት «ዓርብ ስንት ሰዓት ነበር?» ይላል? ልጅቷ በእጇ ነው የጻፈችው ወይስ በኮምፒውተሩ? ወረቀቷን ከየት አውጥታ ሰጠችህ? ፖሊስ ቤት ተቀጠርሽ እንዴ?

ከጠየቅሽ አይቀር ልመልስ። ከምሳ በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ በኮሪደሩ ጫፍ ገብታ እግሬ ሥር ደርሳ ነበር። በኮምፒውተሩ ነው የመዘገበችው፤ ጣቶቿ ሲሮጡ አይቻለሁ። ወረቀቷ ከማተሚያው ነው የወጣችው፤ ስቀበላት ትሞቅ ነበር። ይበቃሻል?

«ሄደህ ስሟ መኖሩን አረጋግጥ» ላልሽው፣ አልሄድም። ሰው በእጁ የያዘውን ያዝኩ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያን መስታወት አንድ ጊዜ መትቻለሁ። አሁን ተመልሼ «የኔ እመቤት፣ እውነት ጽፈሽናል?» ብዬ ብለማመጥ ያ ሁሉ ጩኸት ምን ሊባል ነው? ምላጭ «ልጅዎ ያለ ምክንያት አትጠይቅም፣ ቢሄዱ ምን አለበት» ይለኛል። ፀጉር ቁረጥ፣ ምክር ማን ጠየቀህ አልኩት።

እናትሽ መብል ቀንሳለች። ክንዷ አብጦ የሹራቡ እጅጌ አልገባ ስላላት የምላጭን መቀስ ተውሼ እጅጌውን ከላይ እስከ ታች ተረተርኩት። «በስተርጅናህ ልብስ ሰፊ ሆንክ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አሳላት። ኅዳርን ነው የምትጠብቀው። ወደ ሆስፒታል የምትለብሰውን ቀሚስ አጥባ ለብቻው ሰቅላዋለች፤ ሌላ ጊዜ አትነካውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ልጃችን ትደውልና ትንፋሿን ብቻ ታሰማኛለች» ትላለች እናትሽ። ምን ሆነሻል? የደበቅሽኝ ነገር ካለ አውጪው። እኔ ዐውቅሻለሁ፤ ትንሽ ሆነሽም ብርጭቆ የሰበርሽ ቀን መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ሌላ ነገር ነበር።

አባትሽ


ኅዳር 2

አባዬ፣

ይህን የምታነብለት ወንድሜ፣ እባክህ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት አንብብለት። ለጆሮው ስትል ጮክ ማለትህ አይቀርምና በሩን ዝጋው።

አባዬ፣ ብርጭቆውን ሰብሬዋለሁ።

ሥራዬን ነግሬህ ነበር፣ ቀለድክበት፤ አሁን ግን ሳትቀልድ ስማኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ያረጁ ማሽኖች አሉ፤ ሰርቨር ነው የምንላቸው። የሰው ስም፣ ካርድ፣ ተራ፣ ሁሉ እነሱ ውስጥ ነው ያለው። ብረታቸው ሳይሞት በፊት በውስጣቸው ያለውን እንዳለ እንገለብጥና አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ እናኖረዋለን። እዚያ ሆኖ ራሱን እንደቻለ ማሽን ይሠራል፤ የሚዳሰስ አካል ግን የለውም። ቨርቹዋል የምንለው እሱ ነው።

ግልበጣው ሲጀመር አሮጌው ዝም ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ አሮጌው ላይ የሚጻፍ ነገር አዲሱ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ደንቡ መጀመሪያ አሮጌውን ከመስኮቶቹ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ መንቀል ነው። እኔ አላስነቀልኩም። ሐኪሞቹ የበሽተኛ ካርድ ማየት እንዳይቸግራቸው ብዬ ተውኩት። «ማየት ይቻላል፣ መመዝገብ ግን የለም» ብዬ ለየክፍሉ ደወልኩ፤ እሺ አሉኝ። አመንኳቸው።

በስልክ ያለችው እኔ ነኝ አባዬ። ይምጣና የዚህችን ሴት ፊት ይይ ያልከው ሰው እኔ ነኝ።

እናንተ የተመዘገባችሁት አሮጌው ላይ ነው። ሰኞ አዲሱ ሲነሣ እናንተን አያውቃችሁም ነበር። እኛም አልጠረጠርንም፤ ዓርብ ከሰዓት ምዝገባ የለም ብለን ስለነበር የጎደለ ነገር አልፈለግንም። ሁሉ ነገር ደህና ነው ተብሎ የአሮጌው ዲስክ እንዲደመሰስ ፈረምኩ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንብቤ ስጨርስ ለማን እንደምናገር አጣሁ። እማዬ ጋ እደውላለሁ፣ ድምፅዋን ስሰማ አፌ አልከፈት ይለኛል።

አሁን የምልህን በጥሞና ስማ። ወደ ማሽኑ የምገባበት ቁልፍ ገና በእጄ ነው። እማዬን በያዘችው ቦታ፣ ከፊቷና ከኋላዋ ባሉት ሰዎች መካከል፣ ማስገባት እችላለሁ። ማንም አያውቅም፤ በኅዳር መጨረሻ ትጠራለች። የሌሎቹን ስም ግን አላውቅም፤ የተጻፈበት ቦታ የለም። እነሱን ለማግኘት ለአለቆቼ መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ቁልፉን ይቀሙኛል፣ ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ካልተናገርኩ ደግሞ ሰዎቹ ተራ አለን ብለው ቤታቸው ቁጭ ብለው ይቀራሉ።

ምን ላድርግ? አድርጊ ካልከኝ የዚያኑ ቀን አደርገዋለሁ። ብቻ በስልክ እንዳታነሱት፤ የያዝኩት ስልክ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ የሚወራው ሁሉ ይቀዳል።

እማዬን ሳምልኝ። ለሷ የምትነግራትን አንተ ታውቃለህ።

ልጅህ


ኅዳር 10

ልጄ፣

ምላጭ በሩን ዘግቶ አነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ መስታወቱ ሥር አስቀመጠና መጥረጊያ አንሥቶ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገ። «አባባ፣ ሻይ ላስመጣልዎት?» አለኝ። ሻይህን አንተው ጠጣ አልኩት። እሱ ምን አደረገኝ? ማጥፋቴን ዐውቄዋለሁ።

ማመን አልፈለግኩም። በማግስቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያችው ልጅ ናት። እኔ መሆኔን ዐውቃ እንዳላወቀች ሆነች። ወረቀቷን ሰጠኋት። ነካካችና «ይሄ ቁጥር የሌላ ሰው ነው» አለች። የማን? «ሰኞ የተመዘገቡ ሰውዬ ናቸው።» አለቃዋ መጣ፣ ከረባት ያሰረ። «ወረቀት ማንም ያሳትማል፤ እኛ የምናምነው ማሽኑን ነው» አለኝ። ልጅቷ አቀርቅራ ጥፍሯን ታያለች። መዝግቤያቸዋለሁ ብትል ትእዛዝ ጥሳለችና ሥራዋ ሊሄድ ነው። ምን ብዬ ልጩህ? ባለፈው ጮኼ ያመጣሁት ይኸው ነው። «እንግዲያ እንደ አዲስ መዝግቡን» አልኩ። መዘገቡን። ለግንቦት።

ለእናትሽ አልነገርኳትም።

ምን ላድርግ ላልሽው ስሚኝ። ያን ሁሉ ዘመን ወፍጮ ቤት ስሠራ «ከፊቴ ለሌላ ፈጨ» ብሎ ያማኝ ሰው የለም። ዘመድ መጣ፣ ሹም መጣ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ነው የሄደው። እናትሽም በጓሮ በር አትገባም። ያጠፋሽውን ለአለቆችሽ ንገሪ፤ ፊት ለፊት፣ ቆመሽ። ያ ሾፌር፣ ከሱም ኋላ የነበሩት፣ እኔ በከፈትኩት መስኮት ነው የገቡት። አለቆችሽ ሲሰሙ ሁሉንም በየቦታቸው ይመልሷቸዋል፤ እናትሽም ከሰው ጋር ትመለሳለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። የኔ ልጅ የምትደበቅ አይደለችም።

ተቆጥቻለሁ። ገመድ መንቀል ምን ያቅታል? ምላጭ «ይሄንን ብተወውስ?» አለኝ። ጻፈው አልኩት። የኔን ጥፋት ግን አንቺ አታንሺብኝ፤ ማታም ቀንም አብሮኝ ነው፣ አስታዋሽ አልፈልግም።

አባትሽ


ኅዳር 17

ልጄ፣

ባለፈው ያልኩሽን ተዪው።

እናትሽን አስገቢያት። ዛሬውኑ፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ላይ እያለ። በጓሮ በር ይሁን፣ በመስኮት ይሁን፣ በጭስ መውጫ ይሁን፣ አስገቢያት። ለአለቆችሽ ሳትነግሪ ቀርተሽ ከሆነ ደግ አድርገሻል፤ አትንገሪ። ያን ደብዳቤ ያስጻፍኩት እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባየሁበት ቀን ነው። አሁን አትቀመጥም። ትናንት ከአልጋው ላነሣት ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ከብዳኝ አይደለም፤ ምን ክብደት አላት? የት እንደምይዛት ጠፍቶኝ ነው። የትም ብነካት ያማታል።

ሐኪሙ ጋ ብቻዬን ሄጄ ተራዋ ለግንቦት መሆኑን ነገርኩት። «ለግንቦት?» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ባያየኝ በተሻለ።

ስለ ሌሎቹ ታነሺብኛለሽ፤ ዐውቃለሁ። እንዳታነሺ። ዛሬ ወደ ምላጭ ቤት ስመጣ ያን ሾፌር መንገድ ላይ አገኘሁት፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠቅልሏል። ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። ከደረት ኪሱ ወረቀቷን አወጣ፣ ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ፣ ሳቀ። ከላስቲክ ውስጥ ነው ያስቀመጣት፣ እንዳትርስበት። እኔም ሳቅኩለት። እንግዲህ እናትሽን ብቻ አስገቢ ብዬ ላስጽፍልሽ እየመጣሁ ነው የሳቅኩለት። ይሄን የነገርኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ዐውቄ እንደምልሽ እንድታውቂ ነው።

ምላጭ ይቀዳም አይቀዳም በስልክ እንንገራት ብሎ ደወለልኝ። ተዘግቷል ይላል። ትናንትም ተዘግቷል፣ ዛሬም ተዘግቷል። ስልክሽን ምን ነካው?

አባትሽ


ኅዳር 25

አባዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ሐሙስ ጠዋት ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳነበው ቀለል አለኝ። ለብቻዬ የያዝኩትን ነገር አንተ ይዘህ የት ላይ እንደማስቀምጠው የነገርከኝ ያህል ተሰማኝ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ፤ ቁጭ በይ ቢለኝም ቆሜ ነገርኩት፣ እንዳልከው።

ሁለተኛው ማክሰኞ ደረሰ።

ቁልፌን የዘጉት እዚያው ቢሮ ውስጥ ቆሜ እያለሁ ነው። ኮምፒውተሩንም ስልኩንም አስረከብኩ፤ ስልኬ የተዘጋው ለዚህ ነው። አሁን ወደዚያ ማሽን የምገባበት በር የለኝም አባዬ። የሥራ ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ለመንኩ። ፊታቸውን ያዞሩብኛል። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው።

ኮሚቴው ተቋቁሟል። ሰብሳቢው «የጠፉት እነማን ናቸው?» አለኝ። «አላውቅም፤ አንዷ እናቴ ናት» አልኩ። ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «እንግዲያ የግል ጥቅም አለሽበት» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌሎቹ ሰዎች የምናገረው ሁሉ ለእናቴ ብዬ የምናገረው ሆኖ ተቆጠረ። ሆስፒታሉ ግቢ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ በዚያ ዕለት ተመዝግበናል የሚሉ ቀርበው ይመዝገቡ፣ አቤቱታቸው ይመረመራል ይላል። ምርመራው እስኪያልቅ ግን የማንም ተራ አይነካም ተብሏል።

ከዚህ ከተማ እንዳልወጣ አስፈርመውኛል። ልምጣ? ጥዬው ልምጣ? ጥፋቷን ፈርታ ሸሸች ብለው ፋይሉን ይዘጉታል፤ ያኔ ለእማዬም ለሌሎቹም የሚናገር አይኖርም። ብቀመጥ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ምን እጠብቃለሁ?

እማዬ እንዴት ናት? ዐውቃለች?

ልጅህ


ታኅሣሥ 12

ልጄ፣

እናትሽ ሞታለች። ማክሰኞ ጠዋት፣ ውኃ ላመጣላት ዞር ባልኩበት። ምላጭ «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀስ ብዬ ብነግርሽም ያው ሞታለች። ብዕርህን አንሣ አልኩት። እያለቀሰ ነው የሚጽፈው፤ ፊደሉ ከተበላሸ የሱ ነው።

ቀብረናታል። ሰው ነበር። ቀሚሱን አለበስኳት፤ ለብቻው የሰቀለችውን።

ዐወቀች ወይ ብለሻል። አላወቀችም። ዋሸኋት። «ኅዳር እኮ አለቀ» ስትለኝ «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፤ እየጠገኑት ነው» እላታለሁ። «ቶሎ ይጠግኑት ይሆን?» ትላለች። ቶሎ ነው ያሉት እላታለሁ። ሰው ፊት ላይ እውነት በመወርወር የምታወቅ ሰው፣ በስተመጨረሻ ሳልደነቃቀፍ የምዋሽ ሆኜልሽ ነበር። ስላንቺ ስትጠይቀኝም ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። «ይብዛላት» አለች።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አስቤ ነበር። አልደብቅም። ከመሞቷ በፊት ባለው እሑድ ወደ አፏ እንድጠጋ በእጇ ጠራችኝ። «ያን ዓርብ ደግ አደረግክ» አለችኝ። «ያኔ አፍሬብህ ነበር። ግን አንተ ባትጮህልኝ ለኔ ማን ይጮህልኝ ነበር?» አለች። ሰኞ እንመለስ ያለችው እሷ ናት እኮ። ሰኞ ተመልሰን ቢሆን ኖሮ አዲሱ ማሽን ላይ ትመዘገብ ነበር፣ በጊዜዋ ትጠራ ነበር። ይሄን ሳልነግራት እጇን ያዝኩ። አመስግናኝ ነው የሞተችው። ሰድባኝ ብትሞት ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሯ በኋላ ያን ሾፌር አፈላልጌ ቤቱ ሄድኩ። ማስታወቂያ ለጥፈናል ይላሉ፤ ተራ አለኝ ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ማስታወቂያ ምን ሊሠራለት ሄዶ ያያል? ምላጭን ይዤው ሄድኩ፤ ሰውዬው የሚለውን በወረቀት ይጽፋል፣ ምላጭ ጆሮዬ ላይ ይጮህበታል። ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀትህ ከንቱ ናት አልኩት። ዓርብ ዕለት ያስመዘገብኩህ እኔ ነኝ፣ ማሽኑን ያዛወረችው ልጄ ናት፣ የኔዋን ባለፈው ሳምንት ቀበርኳት አልኩት። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ የያዘችውን ዕቃ ጣለችው። ሊመታኝ ከሆነ ብዬ ኮፍያዬን አወለቅኩ። እሱ ግን ወረቀት ሳበ። ምላጭ አነበበልኝ፦ «መስኮቱ ጠዋት በስንት ሰዓት ይከፈታል?»

አብረን ሄድን። ከኋላው ቆምኩ። ለሰኔ መዘገቡት። ልጅቷን አየኋት፣ አየችኝ። መስታወቱን አልመታሁም፤ አልጮህኩም። ጩኸት ካሁን በኋላ ከየት ይመጣል? ሾፌሩ ሰኔን ያየዋል አያየውም፣ እኔ አላውቅም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። የቀሩትን ግን እሱ በመልክ ያስታውሳቸዋል። የሁለቱን ሰፈር ጠቆመኝ። አንደኛዋ ቤት ስንደርስ በሩን አዲስ ተከራይ ነው የከፈተልን።

ልምጣ ወይ ብለሻል። ለእናትሽ ከሆነ አሁን የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም። ኮሚቴሽ ፊት ቁሚ፤ ስለ ሾፌሩና ስለ ሌሎቹ ንገሪያቸው። እናቴ ሞታለች፣ የግል ጥቅም የለኝም በያቸው። እንግዲህ ምን ይሉሽ እንደሆነ እናያለን።

ሲጨርሱ ነይ። እዚህ ሰው ሁሉ «የናንተ ጥፋት አይደለም፣ የማሽኑ ነው» እያለ ያጽናናኛል። ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው። አንቺም ስትመጪ ያንተ አይደለም የኔ ነው እንዳትይኝ፤ እኔም ያንቺ አይደለም አልልሽም። ግማሽ ግማሽ እንካፈለው የሚባል ነገርም አይደለም። አንቺ ሙሉውን ይዘሽዋል፣ እኔም ሙሉውን ይዤዋለሁ። ነይና አንድ ቤት ውስጥ እንያዘው።

አባትሽ